ጨጓራ ነው

ሰኞ ጠዋት ያፌት አገጩን አልፎ ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ሃሴት ጥርሷን እየፋቀች በመስኮት ስታየው ልቧ ቀለል አላት፤ ቅዳሜ ገና አንገቱ ላይ ነበር።

ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ የቆመው የወገን ሰሌዳ፣ እንደ ደሴ ሰሌዳዎች ሁሉ፣ የሰፈሩን ታማሚዎች ፎቶ ይዞ ይውላል። ፎቶ ሲሰቀል ግራጫ ነው። ሰው በሰጠ ቁጥር ከደረት ጀምሮ ወደ ላይ ቀለም እየያዘ ይሄዳል፤ ቀለሙ አናት ላይ ሲደርስ ታማሚው ይታከማል። ለዚህ ዘጠና ቀን ይሰጠዋል። በዘጠና ቀን ያልሞላ ፎቶ ይወርድና ባለቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተራ ይይዛል። ሰኞ ለያፌት ሰማንያ አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ ልቡ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የሚደርስ ልብ አልነበረም።

“ያፌት ዛሬ የት ደረሰ?” አለቻት ዳቦ ሻጯ፣ ሰው “እንዴት አደርሽ” እንደሚለው።

“ከንፈሩ ላይ።”

“ተመስገን በይ። ምን ቀረው፣ አፍንጫና ግንባር ነው።”

ከሰሌዳው ግርጌ በትልልቅ ፊደል “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚል ተጽፏል። ተረቱ የድሮ ነው፤ ሕግ የሆነው ግን በሃሴት ዕድሜ ነው። የሚታከም ሰው ፊቱ ይታያል፣ ስሙ ይነገራል፣ በሽታው በአደባባይ ይጠራል። ይህን ያልፈለገ ከኪሱ ይታከም፤ ከኪሱ መታከም የሚችል ሰው ደግሞ በሰፈሩ የለም።

ያፌትን ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ከተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ መጋረጃ እየሰፋች ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ገና በሃያዎቹ ነው መላጣ የሆነው።

“ስንት ቀረኝ?”

“አፍንጫህ፣ ዓይንህ፣ ግንባርህ።”

“ፀጉሬስ?”

“ፀጉርህንማ ሰሌዳው ምሮሃል።”

ሳቀና ሳሉ ያዘው። ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባውን ደገፈችው። ከዚያ ያለ ምንም መግቢያ፣ “ረቡዕ የምትፈርዱት በጋሽ አንዋር ነው አሉ” አላት።

“በእሱ ነው።”

“ለኔ ጠርቶልኛል እኮ።”

“ለማን ያልጠራ አለ? እሱ የጠራለት ሁሉ አይፍረድ ቢባል ከደሴ ዳኛ አይገኝም።”

እውነቷን ነው። መሣሪያ የማንንም ሰው ድምፅና ለቅሶ አስመስሎ ማውጣት ከለመደ ወዲህ ሰው የሚያምነው በዓይኑ የሚያየውን ጠሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጉ ድምፅ ማጉያ የተጫነባትን የድሮዋን መኪና መልሶ አምጥቷታል፤ መኪናዋ ላይ አንድ ሰው ቆሞ፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ የታማሚውን ስም ይጠራል። አንዋር ይመር ለሠላሳ ዓመት የደሴ ጠሪ ነበር። “ወገኖቼ” ሲል ሸዋበር ላይ የጀመረው ድምፅ ሆጤ ድረስ ሰው ከቤት ያወጣል። ለያፌት ሲጠራ እንባው በጢሙ ላይ ሲወርድ ሃሴት በዓይኗ አይታለች።

ከዚያ ወዲህ የራሱ ፎቶ ተሰቀለ፤ ኩላሊት። በአሥራ አንድ ቀን አናቱ ላይ ደረሰና የሕክምናውን ገንዘብ ተቀበለ። በከተማዋ እንዲህ የፈጠነ ታይቶ አይታወቅም። ሃሴትም ለወንድሟ ከምታጠራቅመው ላይ ቀንሳ ሰጥታው ነበር። በኋላ ሲጣራ ለምርመራ የሰጠው ደም የሌላ ሰው ሆነ፤ እሱ የጠራለትና ሳይሞላለት የሞተ የአንድ ኩላሊት ታማሚ ደም። የአንዋር ኩላሊቶች ደህና ናቸው። ሲጠየቅ አመነ። ገንዘቡን የት አደረስከው ሲባል “በላሁት” ብቻ አለ።

“ምን ትፈርጃለሽ?” አለ ያፌት።

“ከባዱን። አንተ ሰማንያ አምስት ቀን ስትጠብቅ እሱ ባልታመመው በሽታ በአሥራ አንድ ቀን ሞላ። ከባዱን እፈርዳለሁ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ።”

ቅጣቱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ለሌሎች መጥራት ነው፤ ጠሪው በእያንዳንዱ ጥሪ መግቢያ ላይ የሠራውን በራሱ አፍ ይናገራል። ከባዱ ፊት መዘጋት ይባላል። ለአሥር ዓመት ዳቦ ቤቱ፣ ታክሲው፣ ክሊኒኩ ፊቱን አይቶ በሩን አይከፍትም። የሚዘጋው የእሱ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚኖር ሰው ሁሉ ፊት ነው፤ አለዚያማ ሚስት እየገዛች ባል ይበላል ተብሎ ነው።

ሕጉ የተታለለ ይፍረድ ስለሚል ዳኞቹ ለአንዋር ከሰጡት ሰዎች መካከል በዕጣ ወጡ። ሦስት ናቸው። ሃሴት፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ መምህር ቅዱስ፣ እና ሹሩባ የምትሠራው ወጣቷ ኢክራም። ከመፍረዳቸው በፊት የተከሳሹን ቤት አብረው ማየት አለባቸው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ሸዋበር ያለውን ዳገት ወጡ። መምህር ቅዱስ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

“ሰሌዳው ዝናብ ማለት ነው” አሏት በአንደኛው መታጠፊያ። “ከባድ ቅጣት በተፈረደ ዕለት ምሽቱን ይዘንባል፤ ሰው ተካስኩ ብሎ ይሰጣል። ቀላል የተፈረደ እንደሆነ ሳምንት ይደርቃል። ሃያ ሁለት ፍርድ ቆጥሬያለሁ፣ አንድም ጊዜ አልሳተም። ወንድምሽ ስንት ቀን ቀረው?”

“አራት።”

“እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ” አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንዋር በሕጉ መሠረት ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ ዳኛ ቤቱን ሲያይ ባለቤቱ አይገባም። እግሩ ላይ ከግቢው እንዳይወጣ የሚጠብቀው ማሰሪያ አለ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። መምህር ቅዱስ በየቁምሳጥኑ ይቅርታ እየጠየቁ ከፈቱ፤ አንድ ብርድ ልብስና የታጠፉ ሁለት ቀሚሶች አገኙ። ሚስቱ ሰዓዳ ሻሿን እስከ ግንባሯ ድረስ አስራ፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሥታ ተቀበለቻቸው።

“ግቡ፣ አረፍ በሉ። ምንም አታገኙም። እኔም ፈልጌ አላገኘሁም።”

“አሞዎታል እንዴ እናትዬ?” አለች ኢክራም።

“ጨጓራ ነው ልጄ። ክፉ ሆነብኝ። በየሦስት ሳምንቱ መርፌ ያስወጋኛል እሱ።”

“ጨጓራማ የሁላችንም ነው” አሉ መምህር ቅዱስ አልጋው ሥር እያዩ።

ሃሴት ግን ዓይኗን ከሰዓዳ ማንሣት አቃታት። ከሻሹ በታች ቅንድብ የለም። ክንዷ ላይ ደም ሥሩ እንደ ከሰል ጠቁሮ እስከ አንጓዋ ወርዷል። የሃሴት እናትም የሞተችው “በጨጓራ” ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሐኪሙ ሳይቀር ጨጓራ ነው እያለ፣ የበሽታውን ስም በዚያ ቤት አንድ ሰው ሳይጠራው ቀበሯት። ሃሴትም ከዋሾቹ አንዷ ነበረች። ያን ክንድ የትም ብታየው ታውቀዋለች።

“ከባዱ ስንት ነው?” አለች ሰዓዳ ድንገት።

“አሥር ዓመት” አሉ መምህሩ።

“አሥሩን ስጡት።”

ኢክራም ደነገጠች። “እናትዬ፣ ቤቱ ነው የሚዘጋው። እርስዎም አብረው።”

“ይዘጋ። በሰው እንባ የመጣ ነገር አያቆምም።”

መምህር ቅዱስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በአድናቆት ነው። ሁለቱ ወደ መኪናው መንገድ ሲወርዱ ሃሴት ጫማዋን እንደምታስር ሆና ግቢው በር ላይ ቀረች።

“ጨጓራ ነው ያሏት?”

አንዋር መጀመሪያ የቤቱን በር አየ። ያ ደሴን የሚያዳርስ ድምፅ ከጉሮሮው አልወጣም። “ቀስ በይ።”

“የት ደርሷል?”

“ጉበቷን ይዟል። ሐኪሙ ለኔ ነገረኝ። ለእሷ ልንገራት ሲለኝ እንቢ አልኩ።”

“የእሷን ፎቶ ለምን አልሰቀሉም? በሕግ ይታከሙ አልነበር?”

“ስሙ ይጠራ ይላል እኮ ሕጉ። ጠሪው ማነው? እኔ ነኝ። በማይክሮፎን፣ በየሰፈሩ፣ የሰዓዳን በሽታ ልጥራ? እናቷ ስሙን በሰማች በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው የሞተች። ሰዓዳ እግሯ ሥር ተቀምጣ ነበር። እስከ ዛሬ ያን ቃል ሰው ከተናገረ ከቤት ትወጣለች።”

“እና ይህን ነገ ለችሎቱ ይናገሩ። ቀላሉን ይፈርዱልዎታል።”

“ችሎቱ በሰሌዳው አይደል የሚተላለፈው። መስኮቷ ላይ ሆና ትሰማለች።”

“ከባዱ ከተፈረደስ? ክሊኒኩ አይከፍትላትም።”

አንዋር ጣቶቹን አየ። “ሁለት መርፌ ነው የቀራት። የከፈልኩበት ካርድ አለ። ሁለት ብቻ። አላህ ያውቃል።” ከዚያ እጇን ያዘ፤ እጁ በላብ ርሷል። “ልጄ፣ የፈለግሽውን ፍረጂ። ዝም ብቻ በይልኝ። ሆድ ይፍጀው።”

ሃሴት ያን ቀን የሰፋችውን መጋረጃ ሁለት ጊዜ ፈታችው። ከባዱን ብትፈርድ አንዲት ሴት ሁለት መርፌ አጥታ ትሞታለች፤ ወንድሟ ግን ሐሙስን ሳያይ አናቱ ላይ ሊደርስ ይችላል። ቀላሉን ብትፈርድ ሰሌዳው ይደርቃል። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሕጉ ደግሞ ምክንያቱ በአደባባይ ያልተነገረ ድምፅ አይቆጠርም ይላል። እውነቱን ተናግራ ቀላሉን ብትፈርድ፣ አንዋር ሠላሳ ዓመት የገነባውን ስሙን ሽጦ የገዛውን ዝምታ በአንድ አፍታ ታፈርሰዋለች። አንዋርን ጠላችው። እንዲህ ያለውን ሸክም አንስቶ ሰው ሆድ ውስጥ የሚከት ምን ዓይነት ሰው ነው እያለች ስፌቷን ፈታች።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ፒያሳ ያለው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። አንዋር ቆሟል። በመስኮቱ በኩል የአደባባዩ ሰሌዳ ይታያል፤ ያፌት ከአፍንጫው በታች ደርሷል።

መምህር ቅዱስ በዕድሜ ቀድመው ተናገሩ። “ባለቤቴ ብሌን ከአምስት ዓመት በፊት ግንባሯ ላይ ቆመች። ጣት የምታህል ነበር የቀራት። ያን ሳምንት እንደዚህ ያለ አንድ ጤነኛ በቀላል ቅጣት ተለቀቀ፤ ሰው ተናዶ እጁን ሰበሰበ። ምሕረት በነጻ አይገኝም። የሚምረው ሌላ ነው፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። ከባዱን።” ሲቀመጡ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ነው።

ኢክራም ቀጠለች። “አሥር ዓመት ዳቦ ቤት እንዳይገባ የሰው ነፍስ ያጠፋም አይፈረድበትም። ያታለለው በድምፁ ነው፣ በድምፁ ይካስ። ቀላሉን።”

አዳራሹ ወደ ሃሴት ዞረ። አንዋር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ምሕረት ሳይሆን ዝምታ እየለመናት እንደሆነ ከዓይኑ ታውቅ ነበር።

“ቀላሉን” አለች።

“ምክንያት?” አለ የችሎቱ ጸሐፊ።

“ለወንድሜ ጠርቶለታል። ውለታ አለብኝ።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተሳደበ። ጸሐፊው “ሌላ ምክንያት አለዎት?” ብሎ ጠየቃት፤ ሊያድናት የፈለገ ይመስል ነበር። የለኝም አለች። ሕጉ ምክንያት ይነገር ይላል እንጂ ጥሩ ምክንያት ይሁን አይልም። ተመዘገበ። መምህር ቅዱስ ሲወጡ አጠገቧ ቆም ብለው፣ ሳይቆጡ፣ “ልጄ፣ ወንድምሽን ሸጥሽው” አሏት።

ያን ምሽት ያፌት አልተነቃነቀም። ሐሙስም አልተነቃነቀም። ሌሎቹ ፎቶዎች ትንሽ ትንሽ ከፍ ሲሉ የእሱ ብቻ አፍንጫው ሥር ቆመ። ዳቦ ሻጯ ዳቦውን ጠቅልላ ሰጠቻት፤ የት ደረሰ ብላ አልጠየቀችም።

“ለውለታ ብለሽ አይደለም” አላት ያፌት።

“አይደለም።”

“ታዲያ?”

“ልነግርህ አልችልም።”

እንዲቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። “እስከ አፍንጫ ከሞላልኝ መተንፈሻ አለኝ ማለት ነው” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሃሴት ወጥታ ኩሽና ውስጥ አለቀሰች።

ዓርብ፣ ሰማንያ ዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ መኪናዋ መጣች። የአንዋር የቅጣት ሥራ የሚጀምረው ሊወርዱ በተቃረቡ ፎቶዎች ነው፤ የመጀመሪያው የያፌት ሆነ።

“ወገኖቼ። እኔ አንዋር ይመር ነኝ። ያልታመምኩትን ታምሜያለሁ ብዬ ያታለልኳችሁ። ዛሬ የምጠራላችሁ ያፌት ግን በእውነት ታሟል።” ድምፁ ያው ድምፅ ነው። ከፊት ለፊቱ ፎቅ ግን መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። መኪናዋ መንገዱን ጨርሳ ዞረች፣ እንደገና ጀመረ። ሰው የለም።

የግቢው በር ተንኳኳ። ሃሴት ስትከፍት ሰዓዳ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ከሸዋበር በእግሯ ነው የወረደችው፤ ላቧ በግንባሯ ላይ ቅንድብ የሚያግደው አጥቶ ዓይኗ ውስጥ ይገባል።

“ይህን ለወንድምሽ ፎቶ አዛውሪለት” ብላ ካርድ ዘረጋችላት። የክሊኒኩ ካርድ ነው፤ የሁለቱ መርፌ። “ተከፍሎበታል። አዳራሽ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ይዛወራል ብለውኛል። እኔ ተሽሎኛል። ለጨጓራ ይህን ያህል አያስፈልግም።”

ሃሴት ካርዱን አየችው። ከበስተጀርባዋ የያፌት ሳል ይሰማል፤ አንድ ቀን ቀርቶታል። እጇ ሊቀበል ሲዘረጋ ራሷ አየችው፤ አፍራ መለሰችው።

“እትዬ ሰዓዳ፣ ጨጓራ አይደለም።”

ሰዓዳ አልደነገጠችም። “አውቃለሁ” አለች ቀስ ብላ። “ያን ቀን ቅንድቤን ስታዪ አየሁሽ። ሦስተኛው መርፌ ላይ ነው ያወቅኩት። ነርሷ አጠገቤ ለነበረችው ታማሚ የበሽታዋን ስም ነገረቻት፤ የምንወስደው መድኃኒት አንድ ነው።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“እንዳላውቅ እንዲያ ሲደክም፣ ምን ብዬ ልንገረው? ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አላወቅኩም ነበር። ፊቱን ሰሌዳ ላይ ሳየው ገባኝ። አሥሩን ስጡት ያልኩት ለዚያ ነው። ቤቱ ከተዘጋ መርፌው ይቆማል፣ እሱም ያርፋል ብዬ።”

ሃሴት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ተነጋግረው ቢሆን የሰዓዳ ፎቶ በሕግ ይሰቀል ነበር። የሞተ ሰው ደም አይሰረቅም፣ ችሎት አይቀመጥም ነበር፣ ያፌትም ዛሬ አናቱ ላይ ይደርስ ይሆናል። በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን አንዱ ከሌላው ሲደብቅ ከተማው ሁሉ ከፈለ። ልትጮህባት ፈለገች፤ አልቻለችም። የእናቷ ክንድ ትዝ አላት። እናቷም አውቃ ይሆን እንደነበር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስባ አታውቅም።

“አደራሽን” አለች ሰዓዳ ካርዱን እንደያዘች። “ለአንዋር እንዳትነግሪው። ልቡ ስስ ነው፣ አይችለውም።”

“እኔም አልችለውም” አለች ሃሴት። ተነሥታ ካርዱን መልሳ በሰዓዳ መዳፍ ውስጥ አጠፈችው፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች።

መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ዞራ እየመጣች ነበር። “ወገኖቼ። እኔ አንዋር ይመር ነኝ። ያልታመምኩትን...” ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱ መሃል ቆሙ። አንዋር መጀመሪያ የሚስቱን ፊት፣ ቀጥሎ የሃሴትን አየ፤ ምስጢሩ እንዳበቃ ገባው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ማይክሮፎኑ እንደተከፈተ ነበር፤ በድምፅ ማጉያው የሚሰማው ግን ትንፋሹ ብቻ ነው።

ከዳቦ ቤቱ በላይ ያፌት አፍንጫው ሥር እንደቆመ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልተቋረጠው ድምፅ መቋረጡ ሰዎቹን ግራ አጋብቷቸው ነው መሰል፣ ፎቁ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ።